ማካፈል

ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ቤርሼባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ጌናዲ የሱፍ ፍሬ በጥርሱ ሲፈለፍል፣ እኔ ስጨነቅ፣
መሐላችን አንዲት ሳጥን፣ ከመዳፍ የማትሰፋ፣
በዓረባ ቃሪያ ማሳ ላይ ውሃ መጥና የምታካፋ።
ጎተራዋ ስምንት ሜጋ ባይት፣ ከዚያ ወዲያ የላትም፤
ሊኑክስ ከነካፖርቱ በበሯ አይገባላትም።

ስለዚህ አራገፍኩ። ቀን በቀን አራገፍኩ፤
የሰዓት ቀጠናውን ጣልኩ፣ የቋንቋ ፋይሎቹን ጣልኩ፣
የስህተት ማብራሪያዎቹን ሳይቀር ከሥራቸው ነቀልኩ፣
ስሙን የማላውቀውን ሁሉ «ማን ጠራህ?» እያልኩ
በሩን እያሳየሁ ሸኘሁ።

ፕሮግራሙ የሚጠናቀረው እዚህ፣ በትልቁ ማሽን፤
የሚሮጠው ግን እዚያ፣ በሌላ ጭንቅላት፣ በሐሩር።
«እንደኛው ነዋ!» አለ ጌናዲ፣
«እዚያ ተሠርተን እዚህ የምንሮጥ።»
ሳቅሁለት እንጂ ምሳሌውን አልወደድኩትም፤
ሰው አይጠናቀርም።

ማክሰኞ ሳጥኗ ማሳው ዳር ተተከለች።
ረቡዕ ማለዳ ገበሬው ኦፊር ደወለ፦
«መብራቷ ቀልቷል፣ ውሃም የለ።»
ከሩቅ ገብቼ ፕሮግራሙን በስሙ ጠራሁት።
«አልተገኘም» አለች።
ማኅደሩን ዘረዘርኩ፤ ይኸው አለ፣ በዓይኔ አየሁት፣
ስሙ፣ ክብደቱ፣ የተሠራበት ቀን።
ደግሜ ጠራሁት።
«አልተገኘም።»
ምን እንዳልተገኘ የሚናገረውን ቃል
ራሴ ነበርኩ ነቅዬ የጣልኩት።

ይህን ነገር የት ነበር የሰማሁት?
ሽኩና ዳሌት፣ የኩፓት ሆሊም መስኮት፣
አጎቴ አስረሱ ካርዱን ዘርግቶ ቆሞ፣
ጸሐፊዋ ስክሪኗን እያየች «የለም» ስትል።
ቆሞ ሳለ። ካርዱ በእጁ ሳለ።
ለካ የታጣው እሱ አልነበረም፤
የታጣችው ያልጋነሽ ናት፣
ወለል ልትወለውል የተቀጠረች፣
ሐኪሙ ብቅ ብሎ በእጁ ሲጠቅሳት
መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ
የሰውን ቁርጠት፣ የሰውን ውጋት
ካማርኛ ወደ ዕብራይስጥ የምታሻግር።
አሥራ ስምንት ዓመት።
አንድ ወረቀት ላይ እንኳ ያ ሥራዋ የለም።
ጽዳቱ ለኩባንያ ሲሰጥ «ቁጠባ» ተባለ፤
ከመወልወያው ጋር ሌላ ነገር መውጣቱን
ያየ አልነበረም።

ጌናዲ ወንበሩን ገፍቶ መጣ፤
በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ።
«የት ላይ ነው የምታካፍዪው?»
«ምኑን?»
«ቁጥሩን።»

ያቺ ትንሽ ጭንቅላት መደመር ታውቃለች፣
መቀነስ ታውቃለች፣
ማባዛቱንም እንደምንም ትወጣዋለች፤
ማካፈል ግን አልተፈጠረላትም።
ይህን ሁሉ ሊትር ለዚህ ሁሉ ረድፍ ሲባል
እኔ የጻፍኩት አንዲት ሰያፍ ጭረት ናት፤
አጠናቃሪው ግን ድምፁን ሳያሰማ
ከጭረቷ ሥር አንድ ስም ሸጉጧል፦
ማካፈል የሚያውቀውን ጥሩልኝ፣ የሚል።
«ማን ጠራህ?» ብዬ ያባረርኩት እሱን ነው።

ባማርኛ ለቁጥሩም ለዳቦውም ቃሉ አንድ ነው።
በዕብራይስጡም እንዲሁ።
«በሩሲያኛም» አለ ጌናዲ፣
የሱፉን ከረጢት ወደ እኔ እየገፋ።

መቶ ኪሎ ባይት አትሞላም፤ መለስኳት።
ቦታ ጠበበ፤ አርማችንን፣ ያን ሲበራ የሚወጣውን
ባለ ሦስት ቀለም ጠብታ፣ አጠፋሁላት።
ከስሟ ጎን በዕብራይስጥ አንድ መስመር ጻፍኩ፦
«ማንም በስሟ አይጠራትም። አትንኳት።»
አሥር ሰዓት ላይ ኦፊር ስልኩን ወደ ቱቦው አስጠግቶ
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አሰማኝ።

ያልጋነሽ አሁን ኔቲቮት ናት፤ ጉልበቷን ያማታል።
ሐሙስ ወደ ሐኪም እወስዳታለሁ።
ዕብራይስጡን ከእኔ አሳምራ ትናገራለች፣
እኔም ካልጠሩኝ አልናገርም።
ብቻ ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ።